ዘጠኝ ሰው አይቶት ያልተገዛው ቤት፦ በደብረ ብርሃን አንድን ነባር መኖሪያ ለሽያጭ የማዘጋጀት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ የሚገኘው በደብረ ብርሃን፣ ከነባሮቹ ሰፈሮች በአንዱ ውስጥ ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው የባሕር ዛፍ እንጨትና የጭቃ ምርጊት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ሲሆን፣ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ክፍልና አንዲት ጓዳ አለው፤ ከጀርባው ደግሞ ማድቤትና ሁለት ክፍል ሰርቪስ ተሠርቶለታል። ይዞታው በካርታው ላይ 240 ካሬ ሜትር ነው። የቤቱ ባለቤት የነበሩት እናት ከ40 ዓመት በላይ ኖረውበት፣ ልጆቻቸውን አሳድገውና ድረውበት ካረፉ በኋላ፣ ሦስቱ ወራሾች ቤቱን ሸጠው ገንዘቡን ለመካፈል ያለ ክርክር ተስማሙ። ታላቋ እህት እዚያው ከተማ ትኖራለች፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ኑሯቸው አዲስ አበባ ነው። ጉዳዩን እንድጽፈው ሲፈቅዱልኝ ስማቸውና የብሩ መጠን እንዳይነሣ ስለጠየቁኝ፣ ስለ ዋጋ የምናገረው ሁሉ በንጽጽር ብቻ ይሆናል።

ቤቱ ለገበያ የቀረበው በነሐሴ ወር ነበር። እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ በደላላ አማካይነት ዘጠኝ ሰው መጥቶ አየው፤ ከዘጠኙ ዋጋ የሰጠው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከተጠየቀው ሲሶውን ቀንሶ ነው። ወንድማማቾቹ ዋጋው በዝቷልና እንቀንስ አሉ። ደላላው ደግሞ ቀለም ይቀባ አለ። ታላቋ እህት እኔን የጠራችኝ በሕንፃ ሥራ ላይ የቆየሁና ከቤተሰቡ ጋር የምንተዋወቅ በመሆኔ፣ ስንት ጣሳ ቀለም እንደሚበቃ እንድነግራት ብቻ ነበር።

ዋጋው ከአካባቢው እንዳልበለጠ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ በዚያው ሰፈር በዓመቱ ውስጥ ከተሸጡት ቤቶች መካከል ይዞታቸው ከዚህ የሚያንስ ሁለቱ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥተዋል። ቤት ፈላጊም አልጠፋም። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፣ ሥራ ይዞ መጥቶ ከተማው ውስጥ መኖሪያ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች በር ገብተው ሲወጡ ምን አይተው ነው የሚለው ሆነ።

ደላላውን አስቀምጬ እያንዳንዱ ጎብኚ የተናገረውን እንዲያስታውስልኝ ለመንኩት። ከዘጠኙ አምስቱ ዋጋ እንኳ ሳይጠይቁ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላቸው ወጥተዋል። ሦስቱ "ይጨልማል" ብለዋል። ሁለቱ ስለ ሽታ አንሥተዋል። አንዱ ወራሾቹ ስንት እንደሆኑና ካርታው በማን ስም እንደሚገኝ ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ሄዷል። ስለ ቀለም ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ይህንን ከሰማሁ በኋላ ታላቋ እህት በሩን ቆልፋ እንድትጠብቀኝ ጠየቅኋትና፣ እንደ አዲስ ሰው አንኳኩቼ ገባሁ።

የግቢው በር መሬቱን እየፋቀ ግማሽ ብቻ ስለሚከፈት ጎን ለጎን መግባት አይቻልም፤ ባልና ሚስት ሆነው የሚመጡ ገዢዎች ገና ከደጁ አንዱ ሌላውን መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው። ከበሩ እስከ ሳሎኑ ድረስ የተደረደረው የማገዶ እንጨት፣ ባዶ ማዳበሪያና የተሰበረ ባልዲ መንገዱን አጥብቦታል። ሳሎኑ ውስጥ ትልቁ ቡፌ በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት በሙሉ ጋርዶ ቆሟል፤ በሌላኛው መስኮት ላይ ደግሞ እጥፍ ጨርቅ የሆነ ወፍራም መጋረጃ ወርዷል። እናትዬው ይህን ያደረጉት ለብርዱ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነውና በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ የማያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ነገር ግን ብርዱን ለመከላከል የተደረገው ፀሐዩንም አስቀርቶታል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ውጭው ሞቆ እያለ፣ ሳሎኑ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ መቀመጥ አስፈልጎኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ዕጣኑ ነበር። ታላቋ እህት ሰው በመጣ ቁጥር ቤቱ እንዲሸት ብላ ብዙ ዕጣን ታጨስ ነበር፤ አሳቧ የእንግዳ ክብር ነው። ይሁን እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሻጋታ ሽታ ጋር የተደባለቀ ከባድ ዕጣን፣ ለሚገዛ ሰው የሚነግረው የሚሸፈን ነገር እንዳለ ነው። ሁለቱ ጎብኚዎች ስለ ሽታ ያነሡት ለዚህ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕጣኑ ቀረና ሽታው ከየት እንደሚመጣ መፈለግ ተጀመረ።

እርጥበቱና የእኔ ስሕተት

ሽታው የሚመጣው ከኋለኛው መኝታ ክፍል ጥግ ነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሮ፣ ቀለሙ በእጅ ሲነካ ይረግፋል። ከውጭ ዞረን ስናይ ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ በዚያ በኩል ቆርቆሮው አሸንዳ የለውም፤ የጣሪያው ጠፈጠፍ ለዓመታት መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ሲረጭ ኖሯል። በዚህ ላይ ለጎመንና ለጤና አዳም መደብ ተብሎ የተከመረው አፈር ከመሠረቱ ድንጋይ በልጦ ጭቃውን ነክቶታል። ድንጋዩ የተሠራው ጭቃውን ከመሬት ለማራቅ ነበርና፣ አፈሩ ሲያልፈው ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የኮርኒሱ ነጠብጣብ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። በቺፕውዱ ላይ ቢጫ ክቦች ስለነበሩ ሁላችንም ጣሪያው ያፈሳል ብለን ነበር፤ ታላቋ እህት ግን ክቦቹ የሚሰፉት በክረምት ሳይሆን በበጋ፣ ውርጭ በሚወርድበት ወራት መሆኑን ነገረችኝ። ይህ ንግግሯ ብዙ ወጪ አድኖልናል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ ከቤቱ ውስጥ ከትንፋሽና ከምግብ የሚወጣው እንፋሎት ቆርቆሮውን ከታች ነክቶ ውኃ ይሆንና ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይንጠባጠባል። ጣሪያው ከኮርኒሱ በላይ የሚተነፍስበት ቀዳዳ አልነበረውም። ስለዚህ ቆርቆሮ በመቀየር ፋንታ በሁለቱም ጎን በኩል በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መተንፈሻ አወጣን፤ ጎማቸው ያለቀባቸውን የቆርቆሮ ሚስማሮች ለውጠን፣ የተበላሹትን ስድስት የኮርኒስ ገበታዎች ቀየርን።

ቀለም ቀቢው ጠቆር ያለውን ጥግ በዘይት ቀለም ሁለት እጅ ቢሸፍነው ለስድስት ወር እንደማይታይ ነግሮን ነበር። ልክ ነው፤ አይታይም። በክረምቱ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ቀለሙን እንደ ቁስል ያሳብጠዋል፤ ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚተኛው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባትም ሕፃን። ወንድማማቾቹ ይህንን በስልክ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ፣ ታናሹ "በእናታችን ቤት እንደዚያ አናደርግም" አለ። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መጻፍ ግዴታዬ ነው። አፈሩ ተነሥቶ፣ አሸንዳው ተሰቅሎ፣ ውኃውን ወደ ውጭ የሚወስድ ቦይ ከተቆፈረ በኋላ፣ የተበላውን የግድግዳ ክፍል በሲሚንቶ ልስን እንዲሞላ ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ጠንካራ ይሆናል ብዬ ነው። ጭቃ ግን እርጥበት ሲነካውና ሲደርቅ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ከኋላው የቀረውንም እርጥበት ያፍነዋል። በዚያ ላይ ልስኑ የተመታው ወደ ማታ ስለነበር ሳይጠነክር ውርጭ አገኘው። በስምንተኛው ቀን መሰንጠቅ ጀመረ፤ በጣት ሲንኳኳም ባዶ ድምፅ ይሰጥ ነበር። አስፈርሼ ያወጣሁት በራሴ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛውን ሥራ የሠሩት በጭቃ ቤት ሥራ ያረጁ አንድ አዛውንት ናቸው። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ እየረገጡና ውኃ እየጨመሩ ለአሥር ቀን ካሰነበቱት በኋላ በሁለት ዙር መረጉት፤ የመጀመሪያው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላዋል። ለመድረቅ ሦስት ሳምንት ሰጡት። ደላላው በመዘግየታችን ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ከሲሚንቶው በኋላ አዛውንቱን ለማጣደፍ አፍ አልነበረኝም። ቀለሙ የተቀባው ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ግድግዳው በደንብ ሳይሞቅ ወይም ውርጩ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ የተቀባ የውኃ ቀለም በትክክል አይይዝምና። መልኩንም ከንጹሕ ነጭ ይልቅ ወደ ክሬም ያዘነበለ አደረግነው፤ በዚህ ቀዝቃዛ አየር ነጭ ግድግዳ ቤቱን ይበልጥ ብርዳም ያስመስለዋል።

የእናት ዕቃ

ቤትን ለገዢ ዓይን ማሰናዳት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያዎቹም በመጀመሪያ ከሚመክሯቸው ነገሮች አንዱ የቤተሰብ ፎቶግራፍና የግል ዕቃ እንዲነሣ ነው፤ ገዢው የሌላ ሰው ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ከመቆም ይልቅ የራሱን ኑሮ እንዲያይበት ይፈልጋሉ። ምክንያቱን እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ያንን ምክር እንዳለ ወስጄ፣ እናቷን ከቀበረች ዓመት ላልሞላት ሴት ፎቶውን አውርጂ ማለት አልቻልኩም፤ ማለትም አልነበረብኝም።

ያደረግነው ነገር ቢኖር ለታላቋ እህት ጊዜ መስጠት ነው። በአራት ቀን ውስጥ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂቱን፣ ራሷ አወረደችው። ፎቶግራፎቹን በእናቷ ነጠላ ጠቀለለች። የእመቤታችንን ሥዕል ማንም እንዲነካው ሳትፈቅድ ራሷ ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችው። በቡፌው ውስጥ የነበሩት ብርጭቆዎችና ሲኒዎች ለሦስት ተከፈሉ፤ ወንድሞቿም ለዚህ ብለው አንድ ቅዳሜ መጡ። በአሳቡ ከማልስማማበት ሰው ጋር ብዙ ጊዜ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ዕቃው በጥድፊያ በጭነት መኪና ቢወጣ ኖሮ፣ ታላቋ እህት በኋላ ከገዢዎች ፊት ቆማ ስለ ቤቱ በተረጋጋ ድምፅ መናገር የምትችል አይመስለኝም።

ሳሎኑ ለቀለም ባዶ በሆነበት ሰሞን ደላላው ቀን ሳያስይዝ አንድ ሰው አምጥቶ ነበር። ሰውዬው ዙሪያውን አይቶ "ጠባብ ነው፤ ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል" ብሎ ሄደ። የሚያስደንቀው ነገር፣ ያ ሳሎን ዕቃ ሞልቶት በነበረበት ጊዜ ጠባብ ነው ያለ አልነበረም። ባዶ ክፍል ዓይን የሚለካበት ነገር ስለሌለው ያንሳል፤ በእኛ አገር ደግሞ ባዶ ቤት የተጣላ ወይም የታመመ ቤት ይመስላል። ስለዚህ ቡፌው ተመልሶ አልገባም፤ በምሥራቁ መስኮት ሥር የነበረው የጭቃ መደብ ግን ተጠግኖ፣ እናትዬው ከመንዝ ያስመጡት ባና ታጥቦ በላዩ ተነጠፈበት፤ ሁለት ወንበርና አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ተጨመረ። ወፍራሙ መጋረጃ በስስ ተለወጠ። በመኝታ ክፍሎቹ ውስጥ አንዳንድ አልጋ ብቻ ቀረ። በመስኮቶቹና በበሩ ዙሪያ ነፋስ የሚያስገባው ክፍተት በጎማ ተደፍኖ ስለነበር፣ ጠዋት በመስኮቱ የገባው ሙቀት እስከ ከሰዓት ይቆይ ጀመር። ቤቱን በከሰል ለማሞቅ ያሰቡ ነበሩ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ስለሚገድል አልፈቀድኩም።

ማድቤቱን በአጭሩ ልለፈው፤ በትንሽ ገንዘብ ብዙ ጥቅም ያገኘንበት ቦታ ግን እርሱ ነው። የጭስ መውጫው ተጠርጎ፣ ጥቀርሻው ተፍቆ፣ ግድግዳው በኖራ ተቀባ፤ መደርደሪያ ተመታ፤ አንድ አምፖልና የማያንጠባጥብ ቧንቧ ገባ። ቤት ለማየት የመጡ ሴቶች ከሳሎን ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የቆሙት እዚያ ነበር። በሰርቪሱ የሚኖሩትን ሁለት ተማሪዎች በሚመለከት፣ ጎብኚ የሚመጣው ከአንድ ቀን በፊት ተነግሯቸው እንዲሆን ተስማማን፤ የእነርሱም ቤት ነውና።

ሰነዱም የዝግጅቱ አካል ነበር። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጣ፣ የቤትና የቦታ ግብሩ ተከፈለ፣ ይዞታው በሜትር ተለክቶ ከካርታው ጋር ተነጻጸረ። የኋላው አጥር በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ገብቶ ተገኘ፤ ከጎረቤቱ ጋር በቡና ላይ ተነጋግረው በካርታው መሠረት አስተካከሉት። ይህ የዘለቀው ሦስት ቀን ቢሆንም፣ ገዢ ካገኘው በኋላ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ይፈጅ እንደነበር አልጠራጠርም።

ዳግም ሲታይ

ቤቱ እንደገና የታየው በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሰው እንዲመጣ የፈቀድነው ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ፀሐዩ በመደቡ ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ይነሣል። ቡናው በማድቤት ይፈላል፤ ወደ ሳሎን የሚመጣው ለሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። ታላቋ እህት የተጠገነውንና ያልተጠገነውን በአንድ ገጽ ላይ በእጅ ጽፈን ይዛ ነበር። ባልተጠገነው ዝርዝር ውስጥ የሊሾው ስንጥቅ፣ የኋላው የቆርቆሮ አጥር ማርጀትና ለሰርቪሱ የተለየ የመብራት ቆጣሪ አለመኖሩ ሰፍረዋል። ደላላው ወረቀቱን ከልቡ ተቃውሞት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ውስጥ ስድስተኞቹ ገዙት። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው፣ መምህርት ባለቤቱና የእርሱ እናት ናቸው። ወጣቶቹ ክፍሎቹን እየለኩ ሳሉ እናትዬው በቀጥታ ወደ ኋለኛው መኝታ ክፍል ገብተው መዳፋቸውን በግድግዳው ጥግ ላይ ለጠፉና ለጥቂት ጊዜ ቆዩ።

"ልጄ፣ ይኼ ታሞ ነበር" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ታሞ ነበር" አለች ታላቋ እህት፤ ወደ ውጭ ወስዳም አሸንዳውን፣ ቦዩንና ተቆርጦ የወረደውን አፈር አሳየቻቸው። በሲሚንቶ ተሞክሮ የፈረሰ መሆኑን ሳይቀር ነገረቻቸው። እናትዬው ተመልሰው መደቡ ላይ፣ ፀሐዩ ውስጥ ተቀመጡ፤ ቡናም ጠጡ። ልጃቸው ዋጋ መነጋገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የተስማሙበት ዋጋ መጀመሪያ ከተጠየቀው ስምንት በመቶ ያህል ብቻ ያነሰ ነበር። ለእድሳቱና ለዝግጅቱ የወጣው ገንዘብ፣ የእኔን የሲሚንቶ ኪሳራ ሳይጨምር፣ በጥቅምቱ ዋጋና በመጨረሻው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ከዘጠኝ እጅ አንዱን አይሞላም። ይህ ሁሉ ልዩነት ከዝግጅቱ ብቻ መጣ ብዬ ግን አልጽፍም፤ ወቅቱም ረድቶናል። በነሐሴ ጭቃ ረግጦ ቤት የሚያይ ሰውና በጥር ደረቅ መሬት ላይ የሚያይ ሰው አንድ አይደሉም። በነሐሴ ያልነበረው የወራሽነት ወረቀትም በጥር በእጃችን ነበር። ለይቼ መናገር የምችለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚወጣው ሰው መቅረቱ ነው፤ በጥር ከመጡት ስድስት ቤተሰቦች አምስቱ ተቀምጠው ዋጋ ጠይቀዋል።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍና ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ እንደማይጸና የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 ስለሚያዝ፣ ሦስቱም ወራሾች በአካል ተገኝተው ፈረሙ፤ ሁለት በመቶ የሆነው የቴምብር ቀረጥም ተከፍሎ ስም ተዛወረ። ባናውን ታላቋ እህት ወሰደችው። መደቡ እንዳይፈርስ የጠየቁት የገዢው እናት ናቸው።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ለሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ መምህርቷ ደወለችልኝና ሄድኩ። የኋለኛው ጥግ ደረቅ ነበር፤ ኮርኒሱም ንጹሕ ነው። ከአሸንዳው ሁለት ቁራጮች መገጣጠሚያ ሥር ግን መዳፍ የምታህል እርጥብ ቦታ ታየች፤ ማያያዣው ተከፍቶ ነበር። አጥብቄ አሸግኩት፤ እናትዬውም ከታች ቆመው ውኃው ወደ ቦዩ እስኪወርድ ድረስ ተመለከቱ።